አሳንሰር አለው?

በአልፕስ ተራሮች መሀል ያለ ከተማ ሄዶ ሆቴል የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ፈተና «ተራራ የሚያሳይ ክፍል» የሚባለው ነው። ለዚያች ለአንዲት መስኮት በየሌሊቱ ተጨማሪ ይጠየቃል። የኦስትሪያዋን ኢንስብሩክን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቅ ንግድ ነው። ከተማዋ ኢን በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተኛች ናት፤ በሰሜን ኖርድኬተ የሚሉት የድንጋይ ሰንሰለት ተገትሮባታል፣ በደቡብ ፓቸርኮፈል አለ። ከመኝታ ክፍሉ ተራራ ያላየ ሰው ዳቦ ቤት በር ላይ ያየዋል፤ ትራም ሲጠብቅ ያየዋል፤ ከሱፐርማርኬት ፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣም ያየዋል። እዚያ አገር ጭንቁ ከተራራው ዓይን መሰወር ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት፤ ተራራው በነፃ ይታይ፣ ገንዘቡ ለጉልበት ይዋል።

ጉልበት ስል የአጎቴን ጉልበት ማለቴ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሹምነት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሙኒክ ያለነውን ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ከአዲስ አበባ መጡና፣ ሻንጣው ሳይፈታ «አልፕስ የሚሉት በየት በኩል ነው?» አሉ። ከሙኒክ ኢንስብሩክ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዕቅዱ እኔ ላይ ወደቀ። ዕቅድ ብዬ የጀመርኩት ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ኦዲት ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝና የሆቴሎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች መመርመር ያዙ። ኮከቡን አያዩም፣ ፎቶውን አያዩም። ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«አሳንሰር አለው?»

«ይሄኛው እንኳ የለውም ጋሼ። ግን ቤቱ ታሪካዊ ነው፤ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል።»

«እኔም ታሪካዊ ነኝ። እለፈው።»

በዚህ ጋሼ ልክ ናቸው። ሰው ሁሉ ማደር የሚመኘው አልትሽታት በሚሉት በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነው፤ ያምራል፣ አልክድም። ከ1390 ጀምሮ እንግዳ ሲያሳድር የኖረው ጎልደነር አድለር የሚገኘው እዚያው ነው፤ ባለቅኔው ጎተ ሳይቀር አድሮበታል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰው ቤት ሲሠራ ባለ ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ የሚባል ፍጡር ይመጣል ብሎ አላሰበም። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ደረጃቸው ጠባብና ጠምዛዛ ነው። ሰፈሩ የእግረኛ ስለሆነ ታክሲ እንደልቡ አይገባም፤ ዳር ላይ ያወርድና ይሄዳል። የቀረው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ኮብልስቶን ለሻንጣ ጎማ ምሕረት እንደሌለው ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም። «አሳንሰር አለ» የሚለውም ቢሆን ተጣርቶ ነው። አሳንሰሩ የሚጀምረው ከስምንት ደረጃ በኋላ የሆነበት ቤት አውቃለሁ፤ እነዚያን ስምንት ደረጃዎች በማን ጉልበት እንደምንወጣቸው የጻፈ የለም። ደውሎ «ከመንገዱ እስከ አልጋው ስንት ደረጃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይሉኝታ አያስፈልግም።

እኔ የመረጥኩት ከባቡር ጣቢያው ብዙ ያልራቀ፣ ትራም በደጁ የሚያልፍ ቤት ነው። የጣቢያ ሰፈር ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አለ። ኢንስብሩክ ላይ ግን ከጣቢያው አሮጌው ከተማ ድረስ በእግር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ በጋሼ እርምጃ ሃያ በሉት። ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚያድር እንግዳ ደግሞ ብዙዎቹ ሆቴሎች ዌልካም ካርድ የሚባል ነገር ይሰጣሉ፤ እሱን የያዘ ሰው በአውቶቡስና በትራም በነፃ ይሄዳል። ጋሼ «በነፃ» የምትለዋን አስደገሙኝና ጠየቁ፤

«ሳንጠይቅ ነው የሚሰጡን ወይስ ስንጠይቅ?»

የዕድሜ ልክ ልምድ ያለበት ጥያቄ ነው። ጠይቆ መቀበል ይሻላል። ለ24፣ ለ48 ወይም ለ72 ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው ኢንስብሩክ ካርድ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሙዚየሙንና ወደ ተራራው የሚያወጣውን ኬብል ካር ይጨምራል። ብዙ ለሚዞር ሰው ያዋጣል። ቡና አዝዞ አላፊ አግዳሚ ለሚያይ ሰው አያዋጣም፤ እኔ በበኩሌ የምመክረው የኋለኛውን ዓይነት ጉብኝት ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ትናንሾቹ ሆቴሎች ሌሊቱን ሙሉ እንግዳ ተቀባይ አያስቀምጡም። ወዳጆቼ የሆኑ ባልና ሚስት አምሽተው ደርሰው በሩ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ከበሩ አጠገብ ቁጥር ሲነካ የሚከፈት ትንሽ ሣጥን አለች፤ ቁልፉ እሷ ውስጥ ነው። ቁጥሩ የተላከው በኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ባልየው ቻርጀሩን ሻንጣ ውስጥ አግኝቶ ሶኬት ፍለጋ ወደ ባቡር ጣቢያ ሲመለስ ሚስቱ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ያሰበችውን አልነገረችንም። የመግቢያውን ሰዓት ማወቅ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፍ። ፓስፖርቱም ከእጅ አይራቅ፤ ሼንገን ነው ተብሎ ድንበሩ ቢረሳም፣ ከጀርመን በኩል የሚመጣና የሚሄድ ባቡር ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆቴሉም የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጽ ያስሞላል።

ከሁሉ ያደከመኝ ቁርስ ነው። ጉዞው ነሐሴ ላይ ዋለ፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሆቴል ሁሉ ቁርሱን ሲያወድስ አይጣል ነው፤ ዓይነት ዓይነቱ አይብ፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ ሽፔክ የሚሉት የተጨሰ የአሳማ ሥጋ። ዝርዝሩን ሳነብላቸው እትዬ አማተቡ።

«ሌላስ?»

«ዳቦ አለ፣ ማርማላታ አለ፣ ፍራፍሬ አለ።»

«እሱስ ደግ። በስንት ሰዓት ነው?»

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት።»

«ልጄ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

ጋሼ ስኳር ስላለባቸው የንስሐ አባታቸው እንዲበሉ ፈቅደውላቸዋል። እንግዲህ አንድ ክፍል፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ቁርስ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር የቦታ ማስያዣው መተግበሪያ አያውቀውም፤ ወይ ለሁለት ነው ወይ ለማንም አይደለም። ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ሴትዮ በጣም ትሑት ነበሩ። «እንግዳችን ቁርስ የማይበሉት ለምንድን ነው?» አሉኝ። እስከ 15 ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ እንደሚቆይ አስረዳሁ። ዝም አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአቅራቢያው ጥሩ ሐኪም እንዳለና ሻይ ክፍል ድረስ ሊያመጡላቸው እንደሚችሉ ነገሩኝ። ቁርሱን ግን ከሒሳቡ ቀነሱ። በነገራችን ላይ ክፍል የሚያስረክቡትም 15 ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሆቴሉን ከሩቅ ወደዱት።

ጋሼ ግን ከመቀነሱ ይልቅ ሌላ መላ ነበራቸው። የሁለት ሰው ከፍለን የእትዬን ድርሻ በሶፍት ጠቅልለን ብንይዝስ? ከገበታው ምግብ ቋጥሮ መውጣት በዚያ አገር ነውር እንደሆነ፣ አንዳንዱ ሆቴልም በጽሑፍ እንደሚከለክል ነገርኳቸው። ተቆጡ። «ያልተሠራበት ሒሳብ ወደሚቀጥለው ይዛወራል እንጂ አይሰረዝም!» ለዚህስ ቢሆን መፍትሔ አለ፤ ምሳ ቋጥረው በዋጋ የሚሰጡ ሆቴሎች አሉ፤ ከማታ ጀምሮ መናገር ነው። ለጿሚ ደግሞ ከተማው አይጨክንም። ቲሮል የሚባለው የዚያ አካባቢ ሰው ምግብ ሥጋና አይብ ይብዛው እንጂ ድንችና ዳቦ ሞልቷል፤ ፈላፍልም አይጠፋም።

ወጥ ቤት ያለው አፓርትመንት ብንይዝ ይሻል ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። እትዬም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ሽሮው ከሻንጣቸው አለ፣ ጀበናውም አለ። አፓርትመንት ለሳምንት ሲሆን መልካም ነው። ለጥቂት ሌሊት ከሆነ ግን የማጽጃ ተብሎ በመጨረሻ የሚጨመረው ክፍያ ያተረፉትን ይበላዋል። ጀበናው ራሱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው እጣኑ ነው። ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ክብ ነገር ጭስ ከሸተተች ትጮኻለች፤ በትልልቅ ሆቴሎች ደግሞ የምትጮኸው እዚያው ብቻ አይደለም፣ እሳት አደጋ ድረስ ነው። የእሳት አደጋ መኪና የተጠራበት ቡና ሦስተኛው ሳይደርስ ሒሳቡ ይመጣል።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። ጋሼ አልፕስ ላይ ሊያድሩ መሆኑን ለአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ ደውለው ከተናገሩ በኋላ ማታ ላይ ጠየቁኝ።

«ከተማው ስንት ሜትር ላይ ነው?»

«574።»

«574?» አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄማ ጋምቤላ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ሲለካ የኢንስብሩክ እኩያ ጋምቤላ እንጂ ደብረ ብርሃን አይደለም። ነገሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይብሳል። ከከተማው በላይ የሚታየው፣ ሃፌለካር የሚባለው ጫፍ 2,334 ሜትር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም 2,300 ግድም ነው። ጋሼ የሚኖሩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከዚያ ከፍ ይላል። የጉብኝት መጽሐፉ «ላይ ሲደርሱ አየሩ ሊከብድዎ ስለሚችል ቀስ ይበሉ» ይላል። ጋሼ ይህን ሳነብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ የሒሳብ ሰው ናቸውና ኮስተር አሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዩሮ የምንከፍለው ወደ ቤቴ ከፍታ ለመቃረብ ነው?»

አልፕስ የሚሸጠው ግን ቁመት ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነቱን ነው የሚሸጠው። ከአሮጌው ከተማ አጠገብ ኮንግረስ ከሚባለው ጣቢያ ሽቅብ የሚጎተት ባቡር አለ፤ በ2007 ተሠርተው ያለቁትን ጣቢያዎቹን የነደፈቻቸው ዓለም ያወቃት አርክቴክት ዛሃ ሃዲድ ናት። ባቡሩ ሁንገርቡርግ ያደርሳል፤ ከዚያ ኬብል ካር፣ ደግሞ ሌላ ኬብል ካር። ሃያ ደቂቃ በሚያህል ጉዞ ከጋምቤላ ከፍታ ተነሥቶ ቦሌ ከፍታ ላይ መድረስ ማለት ነው። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይንሳፈፋል፣ ከታች የነበረው ሙቀት ጠፍቶ ብርድ ይቀበላል። የእኛ ደጋ በዝግታ የሚያሳድግ ደጋ ነው፤ ይሄኛው ይነጥቃል። ጋሼ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ወርደው ቁልቁል ከተማዋን ሲያዩ «ገደል ነው ለካ የገዛነው» አሉ። የቀረችውን የጫፏን መንገድ ለጉልበታቸው ሲሉ ተዉአት። ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁምጣ ለብሰው የመጡ ጎብኚዎች ጥርሳቸው እየተፋጨ ጋቢውን በቅናት ያዩታል፤ አንዲት ሴት ቀርባ ጫፉን ዳሰሰችና የት እንደሚሸጥ ጠየቀች። ጋሼ ዋጋ ሊነግሯት ሲሉ እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

እዚህ ላይ ከሆቴሉ ዕቅድ ጋር የሚያያዝ ቁም ነገር አለ። ተራራውን ለመጨረሻው ቀን የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ይመለሳል። በሙቀቱ ወራት ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያመጣል። ፎን የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከደቡብ ሲነሣ ደግሞ ኬብል ካሩ ሊቆም ይችላል። የከተማው ሰው ራስ ምታቱንም፣ ጠቡንም፣ የመኪና ግጭቱንም በፎን ያመካኛል፤ እኔ ይህን ነፋስ አዲስ አበባ ብናስመጣው ብዙ ሰው ይጠቅም ነበር እላለሁ። በፀደይና በኅዳር ግድም ደግሞ ኬብል ካሮቹ ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ አለ፤ በእነዚያ ወራት ሆቴል የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በረዶ አያለሁ ብሎ የሚሄድም ይጠንቀቅ። በ1964 ኢንስብሩክ የበረዶ ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ በረዶው ቀረ፤ የኦስትሪያ ጦር ከተራራ ላይ በረዶ እየጫነ ነው ወደ ውድድሩ ቦታ ያመላለሰው። ለኦሎምፒክ ያልታዘዘ ሰማይ ለእኛ የሁለት ሌሊት እንግዶች አይታዘዝም።

ሳውና የሚለውን ቃል ጋሼ በዝርዝሩ ላይ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ፍል ውሃ ደንበኛ ናቸው። በዚያ አገር ሳውና የሚገባው ራቁትን እንደሆነ፣ ሴትና ወንድ አብሮ መሆኑን፣ ፎጣውም ለመቀመጫ እንጂ ለመሸፈኛ አለመሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ መስኮቱን ተመለከቱ።

«ሳውና የሌለው በስንት ይቀንሳል?» አሉ በመጨረሻ።

ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀውንም አስቀድሞ ማወቅ አይከፋም። ማቀዝቀዣ መሣሪያ የሌለው ሆቴል ብዙ ነው፤ በነሐሴ መስኮት ከፍቶ ማደር ግድ ይሆናል። መስኮቱ ደግሞ እንደኛው አይደለም። እጀታው ወደ ጎን ሲዞር እንደ በር ይከፈታል፤ ወደ ላይ ሲዞር ግን ታችኛው ጠርዝ እንደተያያዘ የላይኛው ወደ ሰው ያዘነብላል። ሌሊት ግድግዳው ተደበደበ። በሩጫ ስገባ ጋሼ በሌሊት ልብሳቸው ሆነው መስኮቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል፤ ግድግዳውን የደበደቡት በእግራቸው ነው። «ያዝልኝ፣ ተነቅሏል!» ይላሉ። እትዬ ከአልጋቸው ሳይነሡ «ቀስ ብለው ያስቀምጡት፣ አንቱ፤ እንዳያስከፍሉን» ይላሉ። እጀታውን መለስ አደረግሁና ዘጋሁት። ጋሼ ግን እጃቸውን ለማንሣት ሌላ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው።

ለእትዬ ደግሞ ያ አልጋ ትልቅ ግኝት ሆነ። የባልና ሚስት አልጋ ይባል እንጂ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ነው፤ ብርድ ልብሱም ለየራስ ሁለት ነው። ያኔ ለፎቶው ብዙም ግድ ያልነበራቸው ጋሼ «ይሄ ምን ዓይነት ትዳር ነው?» አሉ። እትዬ የራሳቸውን ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ስበው፣ «ይህን ያሰበ ሰው ሚስት ናት» አሉ።

የደወሉን ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። የእንግዶች አስተያየት ሲነበብ «የቤተ ክርስቲያን ደወል እንቅልፍ ነሳን» የሚል አይጠፋም። ከተማዋ እኮ ደወል ሠሪ ናት፤ የግራስማየር ቤተሰብ ከ1599 ጀምሮ ደወል ሲያቀልጥ የኖረ ነው፣ ሙዚየምም አለው። በሌሊት ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ያደገ ሰው ለዚህ ደወል ጆሮ መድፈኛ አይገዛም። እትዬ እንዲያውም «ሥርዓቱ የት አለ፣ እየመታ ይተወዋል» ብለው ታዘቡት። እሑድ ግን የምር ችግር ነው። ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ክፍት የሚገኘው ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለው ሱፐርማርኬት ዓይነት ነው፣ የከተማው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። የጣቢያ ሰፈር ሆቴሌን ለነቀፉት ዘመዶቼ ይህን እሑድ እንደ ማስረጃ አቀርባለሁ።

በመጨረሻው ቀን ወርቃማውን ጣሪያ ልናይ ወጣን። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ በ1500 ግድም ያሠራው ነው፤ 2,657 በወርቅ የተለበጡ የመዳብ ሰሌዳዎች አሉበት። ጋሼ ቀና ብለው አዩትና «ይህችው ናት?» አሉ፤ በእርግጥም ጣሪያው የአንድ ሰገነት መከደኛ ነው። ፊታቸው የተመለሰው የንጉሠ ነገሥቱን መጨረሻ ሳወራላቸው ነው። በ1518 ማክሲሚሊያን ታሞ ወደ ኢንስብሩክ ሲመጣ የከተማዋ የእንግዳ ቤት ባለቤቶች «የቆየው ዕዳ ሳይከፈል አጃቢዎችህን አናሳድርም» አሉት። ተነሥቶ ሄደ፤ በጥር 1519 ቬልስ በምትባል ከተማ ሞተ። ሆፍኪርሸ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 28 የነሐስ ሐውልቶች ያጀቡት ታላቅ መቃብር ተሠርቶለታል፤ ባዶ ነው። የተቀበረው ሩቅ፣ ቪነር ኖይሽታት ነው።

ጋሼ መንገዱ ላይ ቆሙ። «ጣሪያ በወርቅ እየለበጠ የአልጋ አልከፈለም?»

«እንደዚያ ነው የሚባለው።»

ወደ ሆቴሉ ተመልሰን ሒሳብ ስንዘጋ ከታች አንዲት የማናውቃት መስመር ነበረች። ለከተማው የሚገባ የእንግዳ ግብር ነው፤ በሰው፣ በሌሊት ይታሰባል፣ ክፍሉ ሲያዝ ከታየው ዋጋ ውጭ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገንዘብ ናት። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ ሌሊቱን በሰው አባዙ፣ ልክ ሆኖ አገኙት። ከፍለው ደረሰኙን በአራት አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰውየው ወራሽ አለው?»

«የቱ ሰውዬ ጋሼ?»

«ባለ ጣሪያው።»

«አዎ፤ ሀብስቡርጎች እስካሁን አሉ።»

ጋሼ እንግዳ ተቀባይዋን በጣታቸው አመለከቱኝ። «ታዲያ ንገራታ! እስካሁን በተሰብሳቢ ሒሳብ ይዘው ምን ይጠብቃሉ?»